ለደሳለኝ መድረስ የተባለ እልልታ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት በቤቱ ውስጥ የነበርነው ስድስት ነን። የደሳለኝ እናት፣ የቤቱ ባለቤት፣ ከበሩ በስተግራ ባለችው ዱካ ላይ። ወንጌላዊ ላምቦሬ፣ የጸሎት ቡድናችን መሪ፣ ቡናማ ኮታቸውን እንደለበሱ ሶፋው ጫፍ ላይ። ጋሽ ኤርሲዶ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የደሳለኝ አጎት፣ መስኮቱ ሥር። አስቴር፣ መዝሙር የምታወጣልን፣ አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ። ማርቆስ፣ የባጃጅ ሹፌር፣ የደሳለኝ የልጅነት ጓደኛ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ። ስድስተኛው እኔ ነኝ፣ ታሪኩ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የምሠራው። ከስድስታችን አምስታችን ደሳለኝ መሞቱን እናውቅ ነበር። የማያውቁት እናቱ ብቻ ነበሩ። እኛ ደግሞ የመጣነው በደህና እንዲደርስ ልንጸልይለት ነበር።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ያለፈው ሳምንት የሆነ ነገር ነው። ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ የሺንሺቾ መኪና ስጠብቅ ከኋላዬ አንዲት ሴት «የደሳለኝ እናት፣ በዚህ በኩል ነይ» ብላ ስትጣራ ሰማሁ። ዞር ስል ከሚኒባስ የወረደችው የሃያ አምስት ዓመት ግድም ልጅ ናት፤ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ሌላ ደሳለኝ ነው። በእኛ ዘንድ ሴት ከወለደች በኋላ በልጇ ስም ትጠራለች። እኔ የማውቃቸውን የደሳለኝን እናት የራሳቸውን ስም የሰማሁት በቀብራቸው ዕለት፣ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ነው። እንግዲህ በእነዚያ ሳምንታት ጎረቤት ሰላም ባላቸው ቁጥር፣ ባለሱቅ ስኳር በመዘነላቸው ቁጥር፣ የሞተው ልጃቸው ስም ይጠራ ነበር ማለት ነው። «የደሳለኝ እናት፣ እንደምን አደሩ?» «ጌታ ይመስገን።» መናኸሪያው መሀል ቆሜ ይህን ሳስብ መኪናው ሞልቶ ሄደ። ዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው። ጓደኞቼ ትዝታ ለመጻፍ ገና ነህ ይሉኛል፤ ነገር ግን ከስድስታችን ሁለቱ አርፈዋል፣ አንዷ አገር ለቃለች፣ ዝርዝሩም በእጄ ላይ እየሟሟ ነው።

ያኔ ፎቶ ኮፒ አንድ ገጽ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ባጃጅ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ሁለት ብር። ወጣቱ ጠባብ ጂንስና ባለቆብ ሹራብ ይለብሳል፣ ሴቶቹ ለእሁድ ጫፉ ላይ ጥልፍ ያለበት ሻሽ ያስራሉ። በየባጃጁ የሚከፈተው መዝሙር አንድ ዓይነት ስለነበር መንገድ ዳር የቆመ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ከአንዱ ባጃጅ፣ ሁለተኛውን ከሚቀጥለው ይሰማ ነበር። በየሰፈሩ ሰማያዊ ቆርቆሮና ትልልቅ መስታወት ያላቸው ቤቶች ተነሡ። የማን ቤት ነው ብለህ ብትጠይቅ ሰው በአገጩ ወደ ደቡብ ያሳይሃል፤ ልጁ ደቡብ አፍሪካ ነው ማለት ነው። ወደዚያ የሚያሻግረው ደላላ በመናኸሪያው ካፌ ማኪያቶውን እየጠጣ ተጓዦችን በግልጽ ይቀጥራል፤ እሁድ ደግሞ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ይዘምራል። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ግማሹ የሥራ ልምድ፣ የልደት ወረቀት፣ ያልተማረበት ትምህርት ቤት ደብዳቤ እንድሠራለት ነበር የሚፈልገው። ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም፤ ከተጣለ ማሽንና ከተቀዳደደ መጽሐፍ የለቀምኩት ሙያ ነው፣ ስለዚህም እንዲረክስብኝ አልፈልግም ነበር። «ሐሰተኛ ሰነድ አንሠራም» የሚል ወረቀት በትልልቅ ፊደል ለጠፍኩ። ማርቆስ እያየው ይስቅብኝ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ወረቀት ራሱን ፎቶ ኮፒ እያደረግህ ብትሸጥ ይሻልሃል፤ ሌላ ደንበኛ እንደሆነ የለህም።»

ደሳለኝ ከመዘምራን ሁለተኛ ረድፍ የሚቆም፣ ረጅም፣ ሲዘምር ዓይኑን የሚጨፍን ልጅ ነበር። አንድ እሁድ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰባኪ ጭንቅላቱ ላይ እጁን ጭኖ «መኪና ቆሞ ሲጠብቅህ አያለሁ» አለው። ጉባኤው አሜን አለ። እኔም ብያለሁ። በወሩ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። በሄደ በስድስተኛው ሳምንት አብሮት የወጣ ልጅ ለማርቆስ ደወለ፤ ከጭነት መኪናው ኋላ ዘግተውባቸው ነበር፣ አየር አልቆ ከሞቱት አንዱ ደሳለኝ ነው፣ እዚያው መንገድ ዳር ቀብረዋቸዋል፤ አፈር ሲመልሱ የደዋዩም እጅ ነበረበት። ማርቆስ ስልኩን ከዘጋ በኋላ መጥቶ ሱቄ ውስጥ ተቀመጠ፣ ለረጅም ሰዓትም አልቀለደም።

መርዶ በእኛ ዘንድ ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎች ተማክረው ቀን ይቆርጣሉ፣ በማለዳ ይሄዳሉ፣ እናቲቱን የሚይዙና የሚደግፉ ሴቶች አብረው ይገባሉ። እስከዚያ የሰማ ሁሉ አፉን ይይዛል። ይህን ማንም ውሸት አይለውም፤ እናትን መጠበቅ ነው። የደሳለኝ እህት ምሕረት ሺንሺቾ አስተማሪ ነበረች፤ ሠርጓ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ጋሽ ኤርሲዶ «ምሕረት እስክትዳር ነው» አሉ። «ለቅሶ ከገባ ሠርግ የለም። የሙሽራው ቤተሰብ ደግሞ ደግሶ ጨርሷል። የእናቲቱንም ደም ግፊት ታውቃላችሁ።» ወንጌላዊ ላምቦሬ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። በሳምንት ውስጥ ከእናትና ከእህት በቀር ከተማው ሁሉ ሰማ፣ ከተማውም ሁሉ ዝም አለ።

የዚያ ቅዳሜ ጸሎት እንዲህ ሆነ። የደሳለኝ እናት ከጓዳ የመዘምራን ልብሱን ይዘው መጡ፤ ሰማያዊ፣ ኮሌታው ነጭ፣ በሥርዓት የተተኮሰ። ባዶ ወንበር ስበው ከክባችን መሀል አስገቡና ልብሱን መደገፊያው ላይ አለበሱት። «የእሱም ቦታ ይኑር» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ «ዛሬ ታሪኩ ይጸልይ። ዝምተኛ ነው፣ ብዙ ስለማይናገር ጌታ ድምፁን አይሰለቸውም።»

ወንጌላዊ ላምቦሬን አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጀመርኩ። መንገዱን ጠብቅለት አልኩ። ውኃ ከሚያልቅበት በረሃ፣ ከድንበር ጠባቂ፣ ከሚያስፈራው መኪና አውጣው አልኩ። ነገርን በዝርዝር ካልተናገርኩ የተናገርኩ አይመስለኝምና ስለ ጫማው ሳይቀር ጸለይኩ። በየመሀሉ አሜን ይሉ ነበር፣ ከሌላው ቀን ከፍ አድርገው። ዝርዝሩን በጨመርኩ ቁጥር ወንበሩ ላይ ያለው ልብስ ክብደት ያገኘ መሰለኝና መጨረስ አቃተኝ። ዓይኔን ስገልጥ ሁሉም ጨፍነዋል፣ ከእሳቸው በቀር። የደሳለኝ እናት አፌን እያዩ ነበር።

ስንወጣ ጋሽ ኤርሲዶ ባጃጁ ውስጥ ጉልበቴን ያዙኝ። «መልእክት ካልመጣላቸው ይጠረጥራሉ። አንተ ጽሕፈት ሥራህ ነው።» ማርቆስ ሲም ካርድ አመጣ፤ አሮጌ ቀፎ ውስጥ ከተትኩት፣ በእናትየዋም ስልክ ላይ «ደሳለኝ (መንገድ)» ብዬ መዘገብኩት። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ መልእክት ሲመጣላቸው የሚያነብላቸው ሰው እኔ ነበርኩ። እንግዲህ መሳቢያዬ ውስጥ ካስቀመጥኩት ቀፎ እልካለሁ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ይመጡና ስልካቸውን በመስኮቱ ይሰጡኛል፤ እኔም ከአንድ ሰዓት በፊት የጻፍኩትን እንደ አዲስ አነብላቸዋለሁ። «እማ፣ ደህና ነኝ። እዚህ ሙቀት ነው። ጸልዪልኝ።»

«ድገመው» ይላሉ። እደግመዋለሁ። አንድ ቀን «ስታነበው ድምፅህ የሱን ይመስላል» አሉኝ።

ከዚያ መልስ ያስጽፉኛል። «እግሩ ላይ የነበረው ቁስል ዳነ ወይ በልልኝ።» እጽፋለሁ፣ እልካለሁ፤ ጉልበቴ አጠገብ መሳቢያው ውስጥ የሞተው ሰው ስልክ ይንቀጠቀጣል። ደንበኛ ነው ብዬ ሳቅ አደርጋለሁ። ስለ ቁስሉ ምንም አላውቅም ነበር። በማግስቱ «ድኗል» ብዬ ጻፍኩ። ሳነብላቸው «ጥሩ» አሉ፣ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ይደውሉም ጀመር። በዚያ መንገድ ላይ ጽሑፍ እንጂ ድምፅ አይገባም ብዬ ነገርኳቸው። «ይጥራ እንጂ፤ ተነሥቻለሁ ማለቴ ነው» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ የሱቁን በር ስከፍት፣ መሳቢያው ሦስት ጊዜ ይንቀጠቀጥና ዝም ይላል። በሩን ሳልከፍት ቀድሞ የጠራ ቀን ከውጭ ቆሜ ሰምቼዋለሁ፤ እንጨት የሚበላ ነገር ይመስል ነበር። ዛሬም ስልክ ጠረጴዛ ላይ ሲንቀጠቀጥ ካየሁ አንስቼ ጨርቅ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ባለቤቴ ጠባይህ ነው ትለኛለች።

በሦስተኛው ሳምንት ችግር መጣ። የደሳለኝ እናት ልጃቸው እስኪደርስ ሊጾሙ ተሳሉ። ፊታቸው ጠቆረ፤ አንድ ረቡዕ ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ወድቀው አስቴር አንሥታ ወሰደቻቸው። ጋሽ ኤርሲዶ ወደ ሱቄ መጡ። «ጻፍ እንግዲህ። ደርሷል በል። አለዚያ ሁለት ሬሣ ይሆናል።» ከፊቴ ያለውን ወረቀት አየሁት፣ ሐሰተኛ ሰነድ አንሠራም የሚለውን። እሳቸውም አዩት። «ይሄ ሰነድ አይደለም» አሉ። ጻፍኩ፤ «እማ፣ ደርሻለሁ። አሁን ብዪ።» ሳነብላቸው የደንበኛ አግዳሚዬ ላይ ተቀመጡና ከጎረቤት ካፌ ሻይና ዳቦ አስመጥተው እዚያው ፊቴ በሉ። ዳቦውን ቆርሰው ለእኔም ሰጡኝ። በላሁት።

ማናችንም ያላሰብነው እሁድን ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ከስብከት በፊት የምስክርነት ሰዓት አለ፤ ጌታ የሠራለት ሰው ወጥቶ ይናገራል፣ ጉባኤውም ከእሱ ጋር ያመሰግናል። የደሳለኝ እናት እንደሚወጡ ማወቅ ነበረብን፤ አርባ ዓመት በዚያ ቤተ ክርስቲያን የኖሩ ሴት ጸሎታቸው ተመልሶላቸው ዝም ብለው አይቀመጡም። ወጡ። ማይክሮፎኑን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄ ደርሷል» አሉ። «ጾሜ ነበር፣ ጌታ ሰማኝ። በልቻለሁ። እልል በሉልኝ።»

ጉባኤው ያውቅ ነበር። ከፊት ያሉት ሽማግሌዎች፣ መዘምራኑ፣ በረንዳ ላይ የቆሙት፣ ደላላው ሳይቀር። ወንጌላዊ ላምቦሬ ተነሥተው «ሃሌሉያ» አሉ፤ ቤቱ በእልልታ ተሞላ። እንደዚያ ያለ እልልታ ሰምቼ አላውቅም። ከሌላው እሁድ ይልቅ ረጅም ነበር፣ ምክንያቱም ቀድሞ ማቆም የፈለገ ሰው አልነበረም። ማንም ጎረቤቱን አያይም። አጠገቤ ያሉት ሴት አፋቸው እልል እያለ ዓይናቸው መሬቱ ላይ ተተክሎ ነበር። በዚያ ድምፅ ማመስገን አልቻልኩም፤ ለማን እንደሚደርስ አላወቅሁምና።

ከስብከቱ በኋላ ወንጌላዊ ላምቦሬን ከአጥሩ ጥግ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ እንንገራቸው።»

«ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፣ ታሪኩ። መርዶ የራሱ ሰዓት አለው።»

«መርዶውን መደበቅ አንድ ነገር ነው። ዛሬ ግን በጌታ ፊት ያልሆነ ነገር አስመሰከርናቸው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ይህን ማንም እንዳይክደኝ። «ሠርጉ ቢፈርስ ልጅቷን አንተ ታገባታለህ? ሴትዮዋ ቢወድቁ ታነሣቸዋለህ? ለራስህ ሰላም ብለህ የሰው ቤት አታፍርስ።»

ሰኞ ጠዋት መሳቢያው ሦስት ጊዜ ጠራ። «ሐሰተኛ ሰነድ አንሠራም» የሚለውን ወረቀት ከጠረጴዛዬ ላይ ነቀልኩት። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ።

የደሳለኝ እናት ለሠርጉ ግድግዳውን ኖራ ይቀቡ ነበር። እጃቸው እስከ ክርናቸው ነጭ ሆኗል። «መልእክት መጣ?» አሉ። በመንገድ ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት። አሮጌውን ቀፎ ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ይደውሉለት» አልኩ። ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው የራሳቸውን ስልክ ተጫኑ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ቀፎ በራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ በራሱ ጊዜ ወደ ጠርዙ መሄድ ጀመረ። አላቋረጡም። እስኪያበቃ ድረስ ሁለታችንም አየነው።

«መቼ?» አሉ።

ነገርኳቸው።

«ማን ያውቃል?»

«ሁሉም።»

«እሁድ እልል ያሉልኝስ?»

«ሁሉም፣ እማማ።»

የኖራውን ብሩሽ ሰጡኝ። «ይህን ጎን ጨርስልኝ፣ ይደርቅብናል» ብለው ጓዳ ገቡ። ቀባሁ። ከጓዳ ድምፅ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ለቅሶ፣ ጸሎት፣ የአልጋ ሲጢጥታ እንኳ አልነበረም። ግድግዳውን ጨርሼ አንድ ጊዜ ደገምኩት። ሲወጡ ፊታቸውን ታጥበው ነበር፤ ጆሯቸው ሥር ግን ኖራ ቀርቷል። «ምሕረት እንዳትሰማ» አሉ። «ለእኔ እንደነገርከኝም ለማንም አትናገር።» በር ላይ ደግሞ ጠሩኝ፤ «ያን ስልክ አታጥፋው።»

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ሦስት ጊዜ ጠራ። በየማግስቱም።

ሠርጉ ያማረ ነበር። ከቡላና ከቅቤ የሚሠራው አተካና በትልቅ ገበታ ቀረበ፤ የደሳለኝ እናት ቅቤውን በእጃቸው እያፈሰሱ ሽማግሌዎቹን አስተናገዱ፣ እልል አሉ፣ ምሕረትን ሳሙ። ሙሽራዋ ወንድሟ ከሩቅ መልካም ምኞት እንደላከላት ተነገራት፤ የነገሯት እናቷ ናቸው። ጋሽ ኤርሲዶ በጆሮዬ «አየህ? ትዕግሥት ይህን ያመጣል» አሉኝ። የእናትየዋን ፊት ፈልጌ አገኘሁት፣ ወደ እኔም ተመለከቱ፤ ዓይናቸው ውስጥ ምንም አላነበብኩም። መርዶውን መስማታቸውን የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን፣ ሆኖም ከሁሉም በላይ የፈራሁት እሳቸውን ነው።

መርዶው ሰኞ ማለዳ ሊነገር ተቆርጦ ነበር። እሁድ በምስክርነቱ ሰዓት የደሳለኝ እናት ተነሡ። ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ነበር፤ ሰው የዚያን ጊዜ ነው ያስተዋለው። በዝግታ ወደ ፊት ሄዱና ማይክሮፎኑን ያዙ።

«ባለፈው ልጄ ደርሷል ብዬ መሰከርኩ» አሉ። «ሐሰት ነው። ልጄ መንገድ ላይ ሞቷል። በጌታ ቤት የተናገርኩትን እዚሁ ልመልስ ነው የመጣሁት። እልል ብላችሁልኛል፣ አመሰግናለሁ። አሁን ደግሞ አልቅሱልኝ።»

መርዶ ለሚያውቁት ሰዎች ሲነገር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ማንም አላለቀሰም። አምስት መቶ ሰው ተቀምጦ የአንድ ሕፃን ሳል ይሰማ ነበር። ወንጌላዊ ላምቦሬ ብድግ አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ጋሽ ኤርሲዶ፣ ሳይነሡ፣ ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፍነው እንደ ልጅ ማልቀስ ጀመሩ፤ ቤቱም ተከተለ። የሳምንታት ለቅሶ በአንድ ጊዜ ወጣ። ደላላው በጎን በር ሲወጣ አይቼዋለሁ። በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት መሳቢያው ዝም አለ፣ ከዚያ በኋላም ጠርቶ አያውቅም።

ማን እንደነገራቸው ተጠይቀው አልመለሱም፤ እኔም ለዓመታት አልተናገርኩም። በቤታቸው ብዙ ቅዳሜ ጸልየናል። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሡብኝም። ይቅር ብለውኝ ይሁን፣ ይቅር የሚባል ነገር የለም ብለው ይሁን፣ አላውቅም። ትክክል ሠርቼ እንደሆነም አላውቅም። ስነግራቸው የእኔ ሸክም ቀለለ፣ ያን ሠርግ ግን ብቻቸውን እንዲሸከሙት አደረግሁ።

አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በዚያ እሁድ የደሳለኝ እናት ማይክሮፎኑን ከማስቀመጣቸው በፊት፣ ለቅሶው በጀመረበት ቅጽበት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በሀዲይኛ አንድ ነገር ተናግረዋል። እኔ የከምባታ ልጅ ነኝ፤ ሀዲይኛዬ የገበያ ነው፣ የቆምኩትም በር አጠገብ ነበር። አስቴር ከአገር ከመውጣቷ በፊት «እኔም በሠርጉ ዋሽቻለሁ» ነው ያሉት ብላኛለች። ማርቆስ የልጃቸውን ስም ብቻ ነው የጠሩት ይላል። ሌላ ሰው ደግሞ የእኔን ስም ሰማሁ ብሎኛል። በፊተኞቹ ሦስት ወንበሮች የነበራችሁ፣ በተለይ በሴቶቹ በኩል፣ የሰማችሁትን ላኩልኝ። ስሜን ጠርተው ከሆነ ከፊቱና ከኋላው የነበረውን ቃል ጭምር እፈልጋለሁ። ሳታሳምሩልኝ ጻፉት።